የተዘጋ በር ሙከራ

ሰውየው መተዳደሪያው የጭስ ጠቋሚ መግጠም ነው። ኮርኒስ ላይ ተለጥፋ ቀን ከሌት ቀይ ዓይኗን የምታርገበግበውን፣ ጭስ ሲሸታት ደግሞ ሰፈር የሚያምስ ጩኸት የምትለቀውን ነጭ ክብ ዕቃ ማለቴ ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። መሰላል ላይ ወጥቶ ሁለት ብሎን ማጥበቅ ምን ጥበብ አለው የሚል አይጠፋም፤ እንዲህ የሚሉትን እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋቸዋል። ቦታዋ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ጭስ መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኮርኒሱን ሲነካ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ግድግዳና ኮርኒስ የሚጋጠሙበት ጥግ ላይ ግን አየሩ ስለሚቆም ጭሱ ቶሎ አይደርስም። ጥግ ላይ የሰቀላት ሰው ጌጥ ሰቀለ እንጂ ጠቋሚ አልገጠመም። ምድጃ አጠገብ ከሰቀሏት ደግሞ ሽንኩርት በተጠበሰ ቁጥር ትጮሃለች፤ ባለቤቶቹም ተናደው ባትሪዋን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ይወረውሩታል። ይህን ሁሉ ለቤት ባለቤቶች ሲያስረዳ ንግግሩ የሚያልቅ አይመስልም፤ ሰዎቹም ፈዘው ያዩታል።

የሥራ ባልደረቦቹ «ጠርጣሪው» ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ቅጽል ስሙን የሰማው ሁሉም ሰው ከለመደው በኋላ ነው። ስሙን ያወጡለት በአንድ ልማዱ ነው። ሌላው ገጣሚ ጠቋሚዋን ሰቅሎ፣ መሐሏ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ፣ «ጮኸች፣ አለቀ» ብሎ መሰላሉን ያጥፋል። ለጠርጣሪው ይህ አይሆንለትም። ቁልፉ የሚነግርህ ባትሪውና ጩኸቱ መኖራቸውን ብቻ ነው፣ ማሽተቷን አይነግርህም ባይ ነው። ስለዚህ የጥጥ ክር ይለኩስና ነበልባሉን እፍ ብሎ አጥፍቶ የሚጤሰውን ክር ያስጠጋላታል። ይህም አይበቃውም። የቤቱ ሰው መኝታ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ ጩኸቱን ሲሰማ «ሰማሁ» እንዲለው ያዛል። ሰዎች ይስቁበታል፤ ትልልቅ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ጫማ አውልቆ አልጋ ላይ መውጣት ያሳፍራቸዋል። እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። «በተዘጋ በር ጀርባ የተኛ ሰው ካልሰማት አልተገጠመችም» ይላል፤ ያንን «ሰማሁ» ሳይሰማ ከአንድም ቤት ወጥቶ አያውቅም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለሰው ቤት ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አይደል የሚባለው፤ የገዛ እናቱ ቤት ኮርኒስ ላይ ከሸረሪት ድር በቀር አንድም ነገር አልነበረም። ዛሬ ነገ ሲል፣ ሥራው ከከተማ ከተማ ሲያንከራትተው ዓመታት ነጎዱ። ያሳፍራል፤ እሱም ያፍርበት ነበር። ማፈሩ ግን መሰላል አሸክሞ እናቱ ቤት አላደረሰውም።

እናቱ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጠባብ ኮሪደር፣ በስተግራ ማድ ቤት፣ በስተቀኝ መኝታ ቤት፣ ፊት ለፊት መንገዱን የሚያሳይ መስኮት ያለው ሳሎን፤ ቤቷ ይኸው ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተሰይማ ወጪ ወራጁን ታያለች፤ እንግዳ ገና ሳያንኳኳ ተነሥታ ትከፍትለታለች። ወሬ ደግሞ ነፍሷ ነው። ስልክ ስትደውል ሰላምታውንም፣ የሰፈሩን ወሬም፣ ምርቃቱንም በአንድ ትንፋሽ ታወርድና ወዲያ ያለው ሰው አፉን ሳይከፍት ትዘጋዋለች። ልጆቿ በዚህ ሲስቁ ነው የኖሩት። «እማዬ ስልክ አታወራም፣ ዜና ታነባለች» ይላል ጠርጣሪው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ድንች ጥዳ ረሳች። ውሃው አልቆ ድንቹ ከሰለ፤ ነፋስ የሚያወዛውዘው መጋረጃም ምድጃው ላይ አርፎ ተያያዘ። ያን ዕለት ሥራ ያልገባው ጎረቤቷ አናጺ ጭሱን ከግቢው አይቶ እየሮጠ መጣ። በሩን ደበደበ፣ ተጣራ፣ መልስ የለም። በመጨረሻ የማድ ቤቱን መስኮት ሰብሮ ገባና እሳቱን በእርጥብ ጆንያ አዳፈነው። «በሩን ዘግቼ ሸለብ አድርጎኝ ነበር» አለች እናት ለጠየቃት ሁሉ። ሰውም አመናት፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ረፋድ ላይ ሸለብ ቢያደርገው ምን ይገርማል።

ታላቅ እህቱ ግን ወሬው ሲደርሳት ከምትሠራበት ፋርማሲ ነጭ ጋዋኗን እንኳን ሳታወልቅ መጣች። ድምፅዋ ቀጭን፣ ንግግሯ ጥድፍ ጥድፍ፣ ልቧ ደግ የሆነች ሴት ናት፤ ደግነቷ ብቻ ትእዛዝ ትእዛዝ ይሸታል። የጠቆረውን ግድግዳ ስታይ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች፤ እንባዋን ስትጠርግ ውሳኔዋን ጨርሳ ነበር። እናቷን ወደ ቤቷ ልትወስድ። እናት ደግሞ ሞቼ ነው ቆሜ አለች።

«ከዚህ ቤት የምወጣው ሰው ተሸክሞኝ ነው፤ በእግሬ አልወጣም።»

ጠርጣሪው መሐል ገባ። መቼም ጸጸት ሰውን ደፋር ያደርጋል። «እትዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠቋሚ ልገጥምላት ሲገባኝ ተኝቻለሁ። ተይልኝ፣ ቤቱን እኔ አስተካክለዋለሁ» አላት።

እህቱ አተኩራ አየችው። «እሺ። ገጥመህ ስትጨርስ ቅዳሜ መጥቼ አያለሁ። አንተ 'ትሰማለች፣ ትነቃለች' ካልከኝ አፌን እይዛለሁ፤ ሥራው ያንተ ስለሆነ አምንሃለሁ። ማለት ካቃተህ ግን ያኑ ዕለት ዕቃዋን ጭኜ እወስዳታለሁ። አንድ ነገር ብትሆን በሕይወቴ እንዳንተያይ።»

«ቃሌ ነው» አላት።

እናትየው ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ እያየች ስትከታተል ቆይታ በመጨረሻ የልጇን ትከሻ ሳመች። ቤቷ ውስጥ መቅረቷ በልጇ በአንዲት ቃል ላይ እንደተንጠለጠለ ገብቷታል።

ሰኞ ዕለት መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ለማድ ቤቱ የጭስ ሳይሆን የሙቀት ጠቋሚ መረጠ፣ ሳሎኑ ኮርኒስ መሐል አንድ አደረገ፣ ዋናዋን ኮሪደሩ ላይ ከመኝታ ቤቱ በር ትይዩ ሊሰቅል ልኬት ያዘ። እናቱ ወንበር አምጥታ ከሥሩ ተቀምጣ ታየዋለች።

«ለምን ከአልጋዬ ፊት ለፊት አታደርጋትም? ተኝቼ እንዳያት» አለችው።

«መኝታ ቤትሽ ውስጥ ሌላ አደርግልሻለሁ፣ እሷ ግን ከራስጌሽ በላይ ነው የምትሆነው። ፊት ለፊቱ መስኮት ነው፤ ነፋሱ ጭሱን ይወስድባታል።»

«ግን አላያትም።»

«እማዬ፣ እሷ የምትሰማ እንጂ የምትታይ አይደለችም እኮ» ብሎ ሳቀ።

እናቱም አብራው ሳቀች፤ ሳቋ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው የመጣው። ጠርጣሪው ያን ጊዜ ልብ አላለውም። ብሎን የሚይዘውን ፊሸር ኮርኒሱ ውስጥ መትቶ ብሎኑን በካቻቢቴ አጠበቀና ቁልፏን ተጫነ። ጣቱ ቁልፏን ከመንካቱ እናቱ ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፏ ደፍና «ኧረ ዝጋት፣ ጆሮዬን በጠሰችው» አለች።

«አሁን ገብተሽ ተኚልኝ» አላት።

«በቀን? ልታስቀብረኝ ነው እንዴ?»

«የሰው እናቶችን ሁሉ ሳስተኛ ኖሬ የራሴን ልዝለል? ግቢ፣ በሩን ዝጊ፣ ስትሰሚ 'ሰማሁ' በይኝ።»

እያጉረመረመች ገባች፣ በሩን ዘጋች። ጠርጣሪው መሰላሉ ላይ ወጥቶ ክሩን ለኮሰ። ክሩ እርጥበት ነክቶት ኖሮ እፍ ሲለው ጭሱም አብሮ ጠፋ። ኪሱን ዳበሰ፤ ክብሪቱን መሳሪያ ሣጥኑ ላይ ትቶታል። ወርዶ አነሣ፣ ተመልሶ ወጣ፣ እንጨቱን ሊጭር ሲል ከበሩ ወዲያ የእናቱ ድምፅ መጣ።

«ሰማሁ ልጄ! በቃ አጥፋት፣ ሰፈሩን ረበሽከው እኮ።»

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ጠቋሚዋ ትንፍሽ አላለችም። ጠርጣሪው ክብሪቱን እንደያዘ መሰላሉ ላይ ክው ብሎ ቀረ። መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ሰምታ ይሆናል አለ፤ ጥሩምባ ግን አልነበረም። ክሩን እንደገና ለኮሰና አስጠጋው። ጠቋሚዋ ጮኸች። ያ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው። ጠበቀ። ከበሩ ወዲያ ድምፅ የለም። አሁንም ጠበቀ፤ ከዚያ ወርዶ በሩን ከፈተ።

እናቱ በጀርባዋ ተጋድማ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ነበር፤ ገና ሲገባ ፈገግ አለች። «አየህ፣ ጆሮዬ እንደ ኮረዳ ነው አላልኩህም?»

ጩኸቱ ከራሱ በላይ እየነደለው ልጅ ቆሞ አያት። ፊቱን አየችው። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ረገፈ፣ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ቀደምኩ እንዴ?» አለችው።

ጠቋሚዋን ሄዶ አጠፋትና መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ምን ይበል? ደግነቱ እሷ ናት የጀመረችው፤ ዓመታት ያፈነችውን ሁሉ ያለ ማቋረጥ ዘረገፈችው። ከአባቱ ሞት በኋላ ነው። መጀመሪያ የጠፋባት የወፎቹ ድምፅ ነበር፤ ወፎቹ ሰፈር የቀየሩ መሰላት። ከዚያ የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ከዚያ የልጅ ልጆቿ ድምፅ። ሐኪም ዘንድ ለብቻዋ ሄዳ ጆሮ ላይ የሚደረግ መሣሪያ ሰጧት፤ ጭንቅላቷ ውስጥ ማንኪያ የሚንኳኳ መሰላትና አውልቃ አስቀመጠችው፣ ለመኝታ እንደሆነ ደግሞ መውለቁ አይቀርም። ስልክ ላይ ሌላውን አፍ የማታስከፍተው መልሱ ስለማይሰማት ነው። መስኮቱ ላይ የምትሰየመው መጪውን በዓይኗ ለመቅደም ነው። ያ ሁሉ ቀልዳቸው ይኸው ነበር። ጠርጣሪ ተብሎ ተጠርቶ እናቱን ሳይጠረጥር መኖሩ ያቃጥለው ጀመር።

«ያንተ ድምፅ ወፍራም ስለሆነ ፊት ለፊቴ ከሆንክ እይዘዋለሁ፤ የቀረኝን ከከንፈርህ አነባለሁ» አለችው። «የእህትህን ድምፅ ግን ከሰማሁ ቆየሁ። አፏ ሲፈጥን አያለሁ፣ ከዚያ በግምት እስቃለሁ።»

«ለምን ደበቅሽን?»

«ብነግራችሁ ያኔውኑ አትወስዱኝም?» ጉልበቱን ያዘችው። «ስማኝ ልጄ። እሷ ቤት ብሄድ ምን እሆናለሁ መሰለህ? ሁሉ ሲያወራ ፈገግ ብላ የምትቀመጥ ዕቃ። ልጆቹ ሦስቴ ጠርተውኝ ስቀር ይሰለቹኛል። እዚህ ግን ሰው ሲገባ የእንጨት ወለሉ ይነግረኛል፣ በር ሲከፈት ነፋሱ እግሬን ይነካኛል። እዚህ ቤት ውስጥ ደንቆሮ አይደለሁም። ለእህትህ እንዳትነግራት፣ በአባትህ አጥንት።»

በአባት አጥንት ለምነውት እምቢ የሚል ልጅ ካለ እኔ አላየሁም። እሱም «መላ እፈልጋለሁ» አለና ወጣ።

መላ ፍለጋ የጠቋሚ ዕቃ ወደሚገዛበት ሱቅ ሄደ። ለማይሰሙ ሰዎች የሚሆን፣ ጭስ ሲሸተው ትራስ ሥር ተቀምጦ አልጋውን የሚያንቀጠቅጥ ዓይነት እንዳለ ያውቃል። ባለሱቁ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «አለ፣ ግን አናስመጣም። ማን ይጠይቀናል? ደግሞስ ጩኸት የማይሰማ ሰው ጠቋሚ ምን ያደርግለታል?» አለና በገዛ ቀልዱ ሳቀ። ጠርጣሪው አልሳቀም። ሌሎች ሱቆችም ዞረ፤ መልሱ ያው ሆነ። ለአናጺው ነግሮ አንዷን ጠቋሚ እሱ ቤት ማስጮህ ታይቶት ነበር፤ ግን አናጺው ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው፣ ለእሱ መንገር ደግሞ ለሰፈር መንገር ነው። ስለዚህ የራሱን ሠራ። ጠቋሚዎቹን እርስ በርስ በሽቦ አያይዞ፣ አንዷ ስትጮህ የሚበራና የሚጠፋ ትልቅ አምፖል ከእናቱ አልጋ ፊት ለፊት ሰቀለ። ሲሞክሩት ክፍሉ ቦግ ድርግም፣ ቦግ ድርግም አለ። እናቱ እንደ ልጅ አጨበጨበች።

«ይሄ እኮ መብረቅ ነው። ይሄን እንኳን እኔ ሬሳም ያየዋል።»

ቅዳሜ እህት መጣች። ስለ አምፖሉ ስትጠይቅ «ጭስ ሲኖር መንገድ እንዲያሳያት ነው» አላት፤ ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። እናት ገብታ ተኛች፣ በሩ ተዘጋ፣ ክሩ ተለኮሰ። ጠቋሚዎቹ በአንድነት ሲጮኹ ወዲያውኑ ከውስጥ «ሰማሁ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ አልቀደመም፣ አልዘገየም። እህት ጆሮዋን እንደያዘች ወንድሟን ዞራ አየችው።

«ትሰማለች? ትነቃለች?»

«ትሰማለች» አላት። «ትነቃለች» የምትለዋን ግን በአፉ አላወጣትም፤ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ ብቻ።

እህቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከዚያ እናቷ ጎን ተቀምጣ እጇን ይዛ «እኔ እኮ ክፉ ሆኜ አይደለም፣ አንድ ሌሊት ተቃጥላ አደረች እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው» አለቻት፤ ቀጭኑ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። እናትየው ሰፊ ፈገግታ ፈገግ ብላ «አዎ፣ አዎ፣ ደስ ይላል» አለቻት። እህት ምናልባት እናቴ ልታጽናናኝ ነው ብላ ይሆናል፣ እጇን ሳመቻት። ጠርጣሪው ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ተገላገልኩ ብሎ መተኛት ነበረበት፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለው። የራሱ ሕግ ያሳድደው ገባ። የተኛ ሰው ካልነቃ አልተገጠመችም። እናቱ በሁለቱም ሙከራ ዓይኗን አፍጥጣ ነበር የተጋደመችው፤ አንዴም ተኝታ አልነበረም። ያውቃል፣ ግን ያወቀውን ነገር ላለማወቅ ታገለ። ሌላ ሰው ቤት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለውን ሥራ ጨረስኩ ብሎ አያስረክብም ነበር። በሳምንቱ አጋማሽ፣ ምሳ በልታ ጋደም የምትልበትን ሰዓት ጠብቆ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ገባ።

የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ተከናንባ ተኝታለች። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትተኛው። ኮሪደሩ ላይ ክሩን ለኮሰ። አራቱም ጠቋሚዎች አፋቸውን ከፈቱ፤ አምፖሉ ቦግ ድርግም እያለ ብርድ ልብሱን ነጭ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ግራጫ አደረገው። ከብርድ ልብሱ ሥር ትንፋሿ በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል። ጠርጣሪው በሩ ላይ ቆሞ በልቡ ተነሽ፣ እባክሽ ተነሽ ይል ጀመር። ጮክ ብሎም አለው። ምንም።

ያን ዕለት ቀደም ብሎ ከሥራ የገባው አናጺ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይዞ በክፍቱ በር ዘው አለ። «እሳቱ የት ነው?»

«እሳት የለም። ሙከራ ነው።»

አናጺው አልጋውን አየና ባልዲውን አስቀመጠ። «ሞታለች እንዴ?»

«ተኝታ ነው።»

ሁለቱ ሰዎች በዚያ ሁሉ ጩኸትና መብረቅ መሐል ቆመው የተኛችውን ሴት አዩዋት። አናጺው በመጨረሻ ወደ ጠርጣሪው ጆሮ ተጠግቶ ተናገረ። «ያን የእሳቱ ቀንም እኮ ተኝታ አልነበረም። ልብስ ስታጥፍ ነው ያገኘኋት። በሩን ልገነጥለው ነበር እኮ፤ አልሰማችም። ዝም ብለህ ተወው ብላ ስለለመነችኝ ነው ያልተናገርኩት።»

ጠርጣሪው ጠቋሚዎቹን አጥፍቶ አናጺውን ሸኘ። አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ፍራሹ አዘነበለና እናቱ ያኔ ነቃች። ከብርድ ልብሱ ብቅ ብላ ስታየው ፊቷ በራ።

«መቼ መጣህ የኔ ጌታ?»

«አሁን» አላት። ተከናንበሽ አትተኚ ሊላት አስቦ ነበር። ይህን ዕድሜ ሙሉ ተከናንቦ የተኛን ሰው ከእንቅልፉ ውስጥ ማን ገብቶ ይገልጠዋል ብሎ ተወው።

እንግዲህ ጥፋት ከተባለ ጥፋቱ ከዚህ በኋላ ያደረገው ነው። እዚያው ሊነግራት ይችል ነበር። እማዬ፣ አልነቃሽም፣ ቃሌን መጠበቅ አልቻልኩም ቢላት ታለቅሳለች፣ ትረግመዋለች፣ ግን ከአፉ ትሰማዋለች። ሰውየው ከረጅም መሰላል ጫፍ ተንጠልጥሎ ይሠራል እንጂ እናቱ ፊት ፈሪ ነው። ጉንጯን ስሞ ወጣ፣ መንገድ ጥግ ቆመና ለእህቱ ስልክ ደወለ፤ ሁሉንም ነገራት። እህቱ ስትመልስለት ድምፅዋ ከወትሮው ቀስ ያለ ነበር።

«እና ስስማት፣ ሳወራት፣ ይሄን ሁሉ ዘመን…»

«አዎ፣ እትዬ።»

በማግስቱ እህት ዕቃ መጫኛ መኪና ይዛ መጣች። ጠርጣሪው ከኋላ ወረደ። እናት መስኮቱ ላይ ስለነበረች መኪናውንም፣ ሴት ልጇንም፣ እሱንም አየች። በሩን እንደ ልማዷ ሳይንኳኳ ከፈተች። የወንድ ልጇን ፊት አየት አድርጋ ነገሩ ሁሉ ገባት።

«ነገርካት» አለችው። ጥያቄ አልነበረም።

«እማዬ፣ ተኝተሽ ሞከርኩት፤ አልነቃሽም…»

እጇን አንሥታ አስቆመችው። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እህት እያነባች ልትይዛት ስትል በቀስታ ገፋ አደረገቻት። ልብሷን ራሷ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ አስገባች፣ ማድ ቤቱን ጠረገች፣ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋች። በእግሬ አልወጣም ያለች ሴት በእግሯ ወጣች። በሩን ቆልፋ ቁልፉን ለአናጺው ሰጠችው፤ ልጇ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር።

የእህት ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሞቅ ያለ ነው። ጠርጣሪው እያንዳንዱ ክፍል ኮርኒስ ላይ ጠቋሚ ሰቀለ፣ የተዘጋውን በር ሙከራ ከእህቱና ከልጆቿ ጋር ሠራ፤ ሁሉም «ሰማሁ» አሉት። ከልጆቹ ታላቂቱ ከአያቷ ጋር ትተኛለች፤ አንድ ነገር ቢመጣ ትቀሰቅሳታለች። በሥራው ረገድ እንከን አይወጣለትም። እናቱ ከዚህ በኋላ በእሳት እንደማትሞት በድፍረት መናገር ይችላል።

ከሥራ ጉዞ ሲመለስ ሊጠይቃት ሄደ። ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቷል፣ ልጆቹ ይጯጯሃሉ፣ እናቱ ሶፋው መሐል ተቀምጣለች። ፈገግ ብላለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ነበር፤ እሷ ግን ፈገግ ብላለች። አንዱ ልጅ «አያቴ፣ አያቴ» ብሎ ጠራትና ስትዘገይበት ትቷት ሮጠ። መስኮቱ ሩቅ ነው፤ ወለሉም ሲሚንቶ ስለሆነ የማንንም እርምጃ አይነግራትም። ወሬ ነፍሷ የነበረች ሴት፣ እህቱ እንደነገረችው፣ ከመጣች ወዲህ ከአዎና ከአይ ሌላ አትናገርም።

ጠርጣሪው ከሶፋው ሥር ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሁለት እጆቿን ያዘ፤ ድምፁ እንዲገባት፣ ከንፈሩም እንዲታያት ፊቱን ወደ ፊቷ አቀና።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ። እንድትኖሪልኝ ብዬ ነው። ለእሷ ከመንገሬ በፊት ላንቺ መንገር ነበረብኝ፣ ፈርቼ ነው…»

እናቱ አፉን እያየች ነበር። እየተከተለችው እንደሆነ ከዓይኗ ያውቃል፤ እያንዳንዷ ቃል ስትደርሳት ይታየዋል። ከዚያ ሳትቆጣ፣ እጇንም ሳትነጥቀው፣ ቀስ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ጠርጣሪው ድምፁን ከፍ አደረገ። «እማዬ» አለ፣ ደግሞ «እማዬ» አለ፤ ልጆቹ ጨዋታቸውን ትተው አዩት። እህቱ ከማድ ቤት እጇን እየጠረገች ብቅ አለችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ተዋት፣ ደክሟት ተኝታ ነው» አለችው።

እንዳልተኛች የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እጆቿን እንደያዘ፣ ዓይኗን እስክትከፍት ሊጠብቃት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።